የኖንሰች መርዶ

ሮም፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ዘመንፈስቅዱስ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ የዛሬው ባለቀን ቅዱስ ሚካኤል ይመስገን፣ በአካሌ ደህና ነኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አቅቶኛል፤ ይህን ደብዳቤ እንኳ ሦስት ጊዜ እየተነሣሁ ነው የምጽፈው። የእናንተ ስልክ ከተዘጋ አራተኛ ወሩ ስለሆነ፣ ነጋዴው ግዛቸው ሻንጣውን እየጎተተ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር አየር ማረፊያ ድረስ ሄጄ መቀበል ለምዶብኛል። የመስከረም ደብዳቤዎ የደረሰኝ በቅርቡ ነው፤ መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ።

«እንግሊዟ አሮጊት እንዴት ያለች ናት? አንቺስ እዚያ ቤት ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ሲኞራ ሃሪየት ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ጣሊያን አግብተው እዚህ መጡ፤ ባልየው ሞተ፤ ልጅ የላቸውም። ዓይናቸው ጥላ እንጂ ፊደል አይለይም። ቤታቸው ከፒያሳ ቪቶሪዮ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ የልብ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን ማንበብ ነው። አጅባር ላይ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩት ለዚህ ኖሯል።

የማነበው የወንድማቸውን የሚስተር ኤድመንድን ደብዳቤ ነው። ሰውየው እንግሊዝ አገር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ወንድምና እህቱ በጋራ የሚጽፉት የአንድ የጠፋ ቤተ መንግሥት ታሪክ ነው፤ ስሙ ኖንሰች ይባላል፣ «አቻ የለሽ» እንደማለት። ሄንሪ ስምንተኛ፣ ያ ሚስት በመቀያየር የሚታወቀው ንጉሥ፣ ወንድ ልጅ ቢወለድለት ጊዜ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ለንደን አጠገብ ሊሠራው ተነሣ። የመረጠው ቦታ መንደር ነበረበት፤ ከነቤተ ክርስቲያኑ አፈረሰው። የሮማውያንን አማልክትና ጀግኖች ግድግዳው ላይ እንዲቀርጽለት የሞዴና ሰው የሆነ ጣሊያናዊ ቀጠረ። ሳይጨርሰው ሞተ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ንጉሥ ለውሽማው ሰጣት፤ እሷም አፍርሳ ድንጋዩን ቸበቸበችው። ሜዳ ሆነ። በፈረንጅ 1959 በጋ ላይ ቆፍረው መሠረቱን አገኙት። ያኔ ሲኞራ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ወንድማቸው የሃያ ሦስት፣ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር አብረው ቆፍረዋል። ሥራው ሲያልቅ መልሰው አፈር አለበሱት። እነሱ ግን ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጉድጓድ አልወጡም።

«ይኖሩ ነበር» ማለቴን አስተውለው ይሆናል። ጥቅምት 29 ቀን ሐሙስ ከሰዓት ስልክ ጮኸ፤ ሲኞራ ተኝተው ነበር። የደወለችው የሚስተር ኤድመንድ ጎረቤት ናት። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። «ቀብሩ የዛሬ ሳምንት ነው፤ እህትየው ይመጣሉ?» አለችኝ። ጋሼ፣ ምን አልኳት መሰለዎት? «ደክመዋል፣ መንገድ አይችሉም፤ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። አልነገርኳቸውም። ቀብሩም አለፈ።

በምን አፌ ልንገራቸው? ዘመድ በሌለበት፣ ጎረቤት በማይገባበት ቤት፣ ሁለት ሴቶች ተፋጥጠን ቁጭ ብለን መርዶ እንደ ገበያ ወሬ ይነገራል? ጓደኛዬ ኣስገደት፣ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረችው፣ «በፍጹም! ሰው ሳይሰበሰብ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አለችኝ። እሺ፣ የሳቸው ሰው ማነው? የሚሰበሰበውስ ከየት ይመጣል? እርስዎ በዕድሜዎ ስንቱን ያረዱ ሰው ነዎት፤ ምን ላድርግ?

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እግሯን ተሻላት? በግዛቸው እጅ ቡናማ ሹራብ ልኬላታለሁ፤ ልኳ ካልሆነ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ዓይናለም

አጅባር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናለም፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛም እዚሁ ነን፤ ውርጩ ጠንክሯል፣ ገብሱ ከአውድማ ገብቷል፣ መብራቱ አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይጠፋል። መልሴ የዘገየው የደሴ መንገድ ተዘግቶ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ደብዳቤሽን ኪሴ ከትቼ ስዞር መሰንበቴ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቤተ መንግሥቱ ልመልስልሽ፤ እሱ ይቀለኛል። እኔ ከደጄ ስወጣ የመቅደላ አምባ የሚታየኝ ሰው ነኝ። እንግሊዞች የኛን ንጉሥ አምባ አቃጥለው እንደሄዱ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። የራሳቸውንም አፍርሰው እንደሚሸጡ ግን ገና ካንቺ ሰማሁ። ቢያንስ አድልዎ የለባቸውም።

ያልገባኝ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ሲያፈርሱ ታቦቱን ወዴት አወጡት? ታቦት የላቸውም ብትይኝም መንበር ይኖራቸዋል፤ እሱን ማን ተሸከመው? ካህኑ የት ገባ? በግቢው የተቀበሩትስ? ዘመዶቻቸው አጽማቸውን አንሥተው ሄዱ፣ ወይስ ንጉሡ በላያቸው ጨፈረ? ስለ ግድግዳው፣ ስለ ድንጋዩ ጽፈሽልኛል። እኔ ያሳሰበኝ በአንድ ጠዋት «ተነሡ» የተባሉት ሰዎች ነገር ነው። ወንድምየው ይህን ጽፎት ከሆነ ላኪልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ባለበት አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አንድ ሽማግሌ ቀስ አድርጎ ነው። ሲወድቅ የሚይዘው ሰው የሌለውን አያረዱትም፤ ገደል እንደመግፋት ነው። ስለዚህ የሴትዮዋን ወዳጅ ፈልጊ፤ ከሌላት ከራስሽ ወዳጆች አሰባስቢ። እስከዚያው ዝም ማለትሽ ኃጢአት አይደለም። አባቶቻችን ለወር፣ ለዓመትም ይዘውት ኖረዋል። የያዘው ሰው ምን ያህል እንደሚከብደው ማንም አይጠይቅም እንጂ ቀላል አይደለም። አውቃለሁ።

የእናትሽን ነገር ጠይቀሻል። ሹራቡ ደርሷል፤ ቀለሙ ያምራል። ስለሷ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ፤ ይህን የሚወስደው ሹፌር ጥሩንባ እየነፋ አስቸኮለኝ።

አጎትሽ ዘመንፈስቅዱስ

ሮም፣ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፤

ጤናዎን እየጠየቅሁ ይቅርታዎንም እለምናለሁ፤ ሳላስፈቅድዎ አንድ ነገር ሰርቄያለሁ። ከገንዘብ የባሰ ነው። ጥያቄዎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሚስተር ኤድመንድ ከሞቱ ወዲህ ሲኞራ በየጠዋቱ «ፖስታ የለም?» ይሉኛል። እኔ ሦስት ፎቅ ወርጄ፣ ባዶ ሣጥን ከፍቼ፣ ሦስት ፎቅ እወጣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት «ታሟል፤ ስልክ ደውይልኝ» አሉ። ደነገጥኩ። የድሮውን ደብዳቤ አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩላቸው። «ይህን በመጋቢት ጽፎልኝ ነበር፤ ወንድሜ ጃጀ እንዴ?» ብለው ቀኑን ሙሉ ተጨነቁ። ጭንቀታቸውን ማየት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ራሴ ጻፍኩ። አዎ፣ በሞተ ሰው ስም። በየሳምንቱ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ከመጽሐፎቻቸው ትንሽ ትንሽ እየቀዳሁ እጽፋለሁ፤ ጠዋት ፖስታ ቀድጄ አነባለሁ።

ከመጽሐፍ የተቀዳው ሲያልቅብኝ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰ። እኔም «ውድ ሃሪየት፣ ስድሳ ዓመት ግድግዳ ስንለካ ኖርን፤ ካህኑ የት ገባ? መንበሩን ማን ተሸከመው? በግቢው የተቀበሩትስ?» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላቸው ይነቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። «በመጨረሻ! ይህ ሰው በመጨረሻ ሰው ሆነ! ጻፊ፣ ዓይናለም፣ ጻፊ!» አሉኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግረው አጻፉኝ።

መልሱን ወደ እንግሊዝ አገር መላክ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ለጠያቂው ልኬዋለሁ፤ ከዚህ ጋር ታጥፎ ያገኙታል። ባጭሩ የሚሉት ይህንን ነው። ለመንደሩ ባለርስት ንጉሡ በሌላ አውራጃ መሬት ተክቶለታል፤ ስሙም ተጽፎ ቀርቷል። ገበሬዎቹ ወዴት እንደሄዱ ግን እሳቸው ተጽፎ አላገኙም። ከአንድ ገዳም ያፈረሱትን ድንጋይ ደግሞ አምጥተው ለመሠረቱ አዋሉት። ሙታኑ አልተነሡም፤ ከግቢው ሥር ቀሩ። በዚያ በጋ ሲኞራ ራሳቸው የአንድ ሰው አጽም በብሩሽ ጠርገዋል። ጥርሱ የተሟላ ወጣት ሰው ነው። እናቱ ማን ነበረች እያሉ ሲያስቡ ወንድማቸው መጥቶ «ድንጋዩን ተመልከቺ፣ ድንጋዩን!» ብሎ ተቆጣቸው። «እስከ ዛሬ አልረሳሁትም ነበር፤ አሁን ይቅር ብዬዋለሁ» ብለው አስጻፉኝ። ይቅርታውን የተቀበለው እርስዎ ነዎት።

ሰው ማሰባሰቡን ሞክሬያለሁ። የሲኞራ ወዳጆች ሞተዋል ወይም ደክመዋል። የበር ጠባቂውና የአትክልት ሻጩ ያውቃሉ፤ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውን ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፣ በዚያም እናደዳለሁ። ኣስገደት ደግሞ ሰሞኑን አመሏ ተለውጧል። ሮማኒና በሚባለው ሰፈሯ ከማኅበራችን ሴቶች ጋር ስታወራ ቆይታ እኔ ስገባ ወሬዋን ትቆርጣለች። ድስቷን ሳልመልስ ስለቆየሁ ይሆን?

ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን ማለቴ ነው፣ ለማሳደስ ከኩዌስቱራ፣ ከፖሊሱ ቢሮ፣ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ለዚያ ደግሞ የሲኞራ ኮንትራቶ፣ የሥራ ውሉ፣ ያስፈልገኛል። ቢያባርሩኝ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ግን እውነቴን ነው የምልዎት፣ አሁን የምፈራው እሱን አይደለም። ሲስቁ ሳያቸው እፈራለሁ።

ሹራቡ ያምራል ብለዋል። ለበሰችው ወይ?

ዓይናለም

አጅባር፣ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዓይናለም፤

እግዚአብሔር ይባርክሽ። የሞተ እንግሊዛዊ መሆን እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሴትዮዋን መልስ አራት ጊዜ አነበብኩት። እንዴት ያለች ሴት ናት! በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ታሪክ በቁም ነገር ያነጋገረኝ ሰው አልነበረም፤ እዚህ ያለው ወሬ መንገድ ተዘጋ፣ መንገድ ተከፈተ ነው። ያንን ወጣት፣ ጥርሱ የተሟላውን፣ ሌሊት በሕልሜ አየሁት ብልሽ ትስቂብኛለሽ።

እንግዲህ ኤድመንድ ከሆንኩ አይቀር አንድ ጥያቄ ልጨምር። ቤተ መንግሥቱ ሲፈርስ ያገሩ ሰው ምን አለ? ተቆጣ ወይስ ቆሞ አየ? ወይስ የአያት ቅድመ አያቶቹን ቤት ያፈረሰ ቤት ፈረሰ ብሎ እልል አለ? አንድ መቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቂም ለመያዝ ብዙ አይደለም። እኛ ጋ ከዚያ የረዘመ አለ።

ግን ይብቃን። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ልጄ፣ የሴትዮዋን ደብዳቤ የመጨረሻ መስመር ተርጉመሽ ስትጽፊ ልብ ብለሻት ነበር? «ኤድመንድ፣ ለፋሲካ ሮም ና፤ ሌላ ፋሲካ የሚተርፈን አይመስለኝም» ትላለች። እዚህ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። የምትጠብቀው ሰው አለ ማለት ነው። ባዶ በር እንድትጠብቅ እያደረግናት ነው፣ አንቺም እኔም። በቶሎ ንገሪያት። የሚሰበሰብ ሰው ካጣሽ ኣስገደትንና የማኅበር ሴቶችን ውሰጂ፤ ሐዘን ቋንቋ አይጠይቅም።

ሹራቡን ጠይቀሻል። አሁን ብርዱ ጋብ ብሏል፤ ሣጥን ውስጥ ነው። እናትሽን አስመልክቶ እንዳትጨነቂ። ይልቅ ያንን የኩዌስቱራ ቀጠሮሽን ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ጻፊልኝ። ወረቀትሽን በእጅሽ የምትቀበይው መቼ ነው? በምታደርጊው ሁሉ እሱን አስቀድሚ። ይህን አደራ የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም።

ዘመንፈስቅዱስ

ሮም፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ሰላምታው ይቆየን። ነገርኳቸው።

እንዴት እንደነበር እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁና ልቅደምዎት። ልክ እንዳሉት አደረግሁ። ቅዳሜ መጋቢት 14 ቀን ማለዳ ኣስገደት ስድስት ሴቶች ይዛ መጣች፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በቁልፌ ከፍቼ በየወንበሩ አስቀመጥኳቸው። ሲኞራ ከመኝታ ቤት ሲወጡ ሳሎኑ በሰው ጥላ ተሞልቷል። «ዓይናለም፣ እነዚህ እነማን ናቸው? ሞቼ ነው እንዴ?» አሉ። አንዷ እንባዋ ቀደማት፤ ሌሎቹ ተከተሏት። እኔ ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋብኝ። ማለት የቻልኩት «ኤድመንድ» ብቻ ነው።

አላለቀሱም። «መቼ?» አሉ። ነገርኳቸው። ወሮቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ቀጥለው «ስለ ካህኑ የጠየቀኝ ማን ነው?» አሉ። የእርስዎን ስም ነገርኳቸው። ኣስገደት በጆሮዬ «አሎራ፣ እንግዲህ፣ እንቀመጥ ወይስ እንሂድ?» ትለኛለች። ሲኞራ ሴቶቹን አንድ በአንድ እጃቸውን ጨብጠው አመሰገኑና አሰናበቱ። ከዚያ እኔን አስቀመጡኝ።

ያሉኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፤ ከጆሮዬ አልወጣምና። «አንቺ ታውቂያለሽ። በር ጠባቂው ያውቃል። ቲማቲም የሚሸጥልኝ ሰው ያውቃል። አፍሪካ ተራራ ላይ ያለ አይቼው የማላውቅ ሰው ያውቃል። ወንድምነቱ ግን ለኔ ነበር። ቀብሩ ላይ መቆም ነበረብኝ። አልቅሼ፣ ታምሜ፣ እስካሁን ትንሽ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ግን አራት ወር ተኩል ለሞተ ሰው ቀልድ እንድጽፍ አደረግሽኝ፤ ያውም ቁጭ ብለሽ እየጻፍሽልኝ።»

«ለልብዎ ፈርቼ ነው» አልኩ። «ልቤ የኔ ነው» አሉኝ።

ኮንትራቶዬን እስከ ሰኔ እንደማይነኩት ነገሩኝ፤ ወረቀቴ እንዳይበላሽ። ከዚያ ግን «ሻንጣሽን አዘጋጂ፤ ድምፅሽን መስማት አልችልም፤ ወንድሜ ይመስለኛል» አሉ። ኣስገደት ጋ ሮማኒና ነኝ። እሷ ስደተኞች ሰፍረውበት ከነበረው ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳው ሕንፃ በፖሊስ ከተባረረች ወዲህ ለሰው ቦታ ነፍጋ አታውቅም። አንድ ክፍል ለአራት ነን። እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አውቶቡስ ይዤ ፒያሳ ቪቶሪዮ እሄድና በራቸው ላይ ደርሼ እመለሳለሁ።

ጋሼ፣ እኔ ያደረግሁት ክፉ መስሎኝ አያውቅም ነበር። ዛሬም ግማሽ ልቤ ልክ ነበርሽ ይለኛል። ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሰማቸው አንድ ነገር ገባኝ፤ ከገባኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ስለ እናቴ እግር ጠየቅሁ፤ ሹራቡ ያምራል አሉኝ። ለበሰችው ወይ አልኩ፤ ብርዱ ጋብ ብሏል አሉኝ። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ አንድ ቃል ከሷ አልመጣም። ግዛቸው ዓይኔን አያየኝም። ኣስገደት የምትቆርጠው ወሬ የድስት ወሬ አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ስጠረጥር ዘገየሁ።

እናቴ በሕይወት አለች ወይ? ሰው እንዳይልኩብኝ። እንዲያሰባስቡብኝ አልፈልግም። በራስዎ እጅ ጽፈው ይንገሩኝ።

ዓይናለም

አጅባር፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፤

ይህን ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪ።

እናትሽ ጥቅምት 18 ቀን እሑድ ጠዋት ዐርፋለች። እግሯ አልነበረም፤ ደረቷን ያዘኝ አለች፣ ወደ ደሴ የሚወስድ መንገድ አልተገኘም። ብዙ አልተሠቃየችም። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ይህን እውነት ብለሽ እመኝኝ፣ ሌላውን ባታምኚኝም። ሚካኤል ከአባቷ አጠገብ ቀብረናታል። ሹራቡ ሲደርስ የሚለብሰው አልነበረም።

ለምን ደበቅሁሽ ትያለሽ። ራሷ ናት ያስማለችኝ። «ወረቀቷን ሳትቀበል እንዳትነግራት። ከሰማች ትመጣለች፤ ከመጣች በሩ ይዘጋባታል፤ የሠራችው ሁሉ ገደል ይገባል» አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ ስላንቺ ወረቀት ነበር። እህቴ ፊደል አትለይም ነበር፤ ወረቀት ምን እንደሆነ ግን ካንቺም ከኔም ይበልጥ ገብቷታል።

እኔም ይኸው ያዝኩት። ያ የኅዳር ደብዳቤሽ «መርዶ እንዴት ይነገራል?» እያለ ሲመጣ፣ እኔ ራሴ በዚያው ሳምንት ካህኑን ይህንኑ ጠይቄ ተመልሼ ነበር። ለዚያ ነው ኪሴ ውስጥ ይዤው የዞርኩት። ዝም ማለት ኃጢአት አይደለም ብዬ የጻፍኩልሽ ለሴትዮዋ አልነበረም። ለራሴ ማመካኛ ነበር የፈለግሁት፤ ባንቺ ላይ ደገፍ አልኩ። አንቺም እኔን አምነሽ ሰው አስቀየምሽ፣ እንጀራሽን አጣሽ። የዚህ ጥፋት የኔ ነው።

ኤድመንድ መሆን ለምን ደስ እንዳለኝ አሁን ገባኝ። ስለዚያ ቤተ መንግሥት ስጠይቅ ስለ ሞት እጠይቃለሁ፣ ስለ መቃብር እጠይቃለሁ፣ ስለ እህቴ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ካንቺ ጋር ማልቀስ ሲያምረኝ ለዚያ ወጣት አጽም አዘንኩ።

አርባዋን አውጥተናል፤ ሰማንያዋንም። ያለ ልጇ። ሽማግሌ ሆኜ ብዙ ሰው አርድቻለሁ፤ መርዶ በወረቀት ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ኣስገደትና ሴቶቹ ከግዛቸው ሰምተው ወረቀትሽን ስትቀበይ ሊያረዱሽ ተነጋግረው ነበር። ግዛቸው ይህን ከነሱ አስቀድሞ እጅሽ ላይ እንዲያኖር ለምኜዋለሁ። የምትፈርጂብኝን ሁሉ እቀበላለሁ። ብቻ ልለምንሽ፣ ስታነቢው ብቻሽን አትሁኚ።

ዘመንፈስቅዱስ

ሮም፣ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ብቻዬን ነበርኩ። ግዛቸው አየር ማረፊያ ላይ ሰጥቶኝ «እቤት ግቢና አንብቢው» አለኝ፤ እኔ ባቡር ላይ ከፈትኩት። ቻይናዎች ናቸው መሰል ቱሪስቶች ፊት ለፊቴ ሳንድዊች ይበላሉ። ጮህኩ። አንዲት ሴት ውኃ ሰጠችኝ፤ ሌሎቹ ቦታ ቀየሩ። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ላይ ወርጄ ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ብዙ ቆምኩ።

ተቆጥቼብዎታለሁ። ይህንን በግልጽ ልጻፈው፤ አንጀት ውስጥ እንዳይቀመጥ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በየቅዳሴው የእናቴን ስም ከበሽተኞች ጋር ሳስጠራ ከርሜያለሁ። «እግሯን ፈውስልኝ» እያልኩ ስዕለት ተስያለሁ። ሲኞራ ለሞተ ሰው ቀልድ ጻፉ፤ እኔ ለሞተች እናቴ ጤና ለመንኩ። ያ ጸሎት የት እንደገባ እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ይንገሩኝ። ግን ደግሞ እህትዎ ናት። አጠገቧ ነበሩ። ለዚያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሆድ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አሁን አወቅሁ።

ቤት ስደርስ ኣስገደትን «አውቄዋለሁ» አልኳት። ድስቷን ጥላ እያለቀሰች አቀፈችኝ። «አራት ወር ፊትሽን እየሸሸሁ ከረምኩ» አለች። ሴቶቹ መጡ፤ ፍራሽ ተነጠፈ። እንዲያሰባስቡብኝ አልፈልግም ብዬ ጽፌልዎ ነበር፤ ሲመጡ ግን ማንንም አላባረርኩም። ስወድቅ የያዙኝ እነሱ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ ለሲኞራ ደወልኩ። ለምን እንዳደረግሁት እንጃ። ራሳቸው አነሡት። «እናቴ ሞታለች፤ ከእርስዎ ኤድመንድ በፊት ነው የሞተችው፤ ትናንት ነው የነገሩኝ» አልኩ። ስልኩን ዘጉት። ደግ አደረጉ አልኩ።

ከሰዓት በር ተንኳኳ። በር ጠባቂያቸው ክንዳቸውን ይዞ፣ ታክሲው ከታች ቆሞ፣ ሲኞራ ሃሪየት ሮማኒና ድረስ መጥተዋል። ሊፍቱ ስለማይሠራ አምስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ኣስገደት ወንበር ስታቀርብላቸው በእጃቸው ዳብሰው ሴቶቹ የተቀመጡበትን አገኙና ከኔ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ወደ ቤት ተመለሺ አላሉኝም። ስለ ቤተ መንግሥቱም አላነሡም። ረጅም ጊዜ ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ «ስሟ ማን ነበር?» አሉ።

ጋሼ፣ እዚህ አገር ስድስት ዓመት ስኖር ይህን የጠየቀኝ ፈረንጅ የለም። «ደብሪቱ» አልኩ። ለአፋቸው ከበዳቸው፤ እንደገና አስባሉኝ፤ እንደገና ተሳሳቱ። ሴቶቹ ሊያርሟቸው ሞከሩ፤ አልሆነም። እስኪመሽ አጠገቤ ተቀምጠው፣ እጄን ይዘው፣ ስሟን እየሰባበሩ ሲጠሯት ዋሉ።

ዓይናለም